መልስ፦ በጠባብ ደመወዝ ቤተሰብን ስለ መመገብ

የተከበሩ እህቴ፣ ጅማ ላይ በአንድ ደመወዝ የሚተዳደር ቤተሰብ ያለ ብስኩትና ያለ ፓስታ እንዴት በደንብ ሊመገብ እንደሚችል ለጠየቁት ጥያቄ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክርዎ ጥራጥሬን ነው። ባቄላ ወይም ቦሎቄ ከበቆሎ ወይም ከጤፍ ጋር ሲበላ የአንዱን ፕሮቲን ጉድለት ሌላው ስለሚሞላ፣ ሥጋ በማይገዛበት ሳምንት ለልጆችዎ ትልቅ ድጋፍ ነው። ቦሎቄውን ሌሊቱን ዘፍዝፈው፣ ውኃውን ደፍተው በአዲስ ውኃ ቢቀቅሉት ቶሎ ይበስላል፤ የከሰል ወጪም ከእህሉ ዋጋ ጋር አብሮ መታሰብ ያለበት ይመስለኛል። ጎመኑ ላይ ሎሚ ቢጨምቁበት ሰውነት በውስጡ ያለውን የብረት ማዕድን በተሻለ ሁኔታ ይወስዳል። ለመክሰስ በየወቅቱ የሚረክሱትን አቮካዶና ሙዝ ያስቀድሙ። ጎደሬም ያጠግባል፤ ሆኖም በደንብ ካልበሰለ ጉሮሮን ስለሚያሳክክ ለሕፃናት ከመስጠትዎ በፊት መብሰሉን ያረጋግጡ።