መርፌው የገባበት ቦታ ሲያብጥና ሲያሳክክ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰላም እንዴት ናችሁ። ለመገጣጠሚያ ህመም ራሳችንን የምንወጋው መርፌ ቆዳ ላይ ስለሚያመጣው ነገር ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ የመጣው ጥያቄ ከጠበቅኩት በላይ ስለሆነ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ። ለማታውቁኝ፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት በሽታ) እንዳለብኝ ከተነገረኝ 11 ዓመት ሆነኝ፣ ራሴን መውጋት ከጀመርኩ 9፣ ስራዬም እዚህ ሜሪላንድ ፋርማሲ ውስጥ ነው። ሐኪም ግን አይደለሁም፣ የራሳችሁ ዶክተር ያላችሁን የሚሽር ነገር ከኔ አትውሰዱ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ኤንብረል የሚባለውን መርፌ ከጀመርኩ ሶስተኛ ሳምንቴ ነው። በተወጋሁ ማግስት ጭኔ ላይ መዳፌን የሚያክል ያብጥና ሌሊቱን ሙሉ ያሳክከኛል። አለርጂ ሆኖብኝ ይሆን? ላቁመው?

መልስ፦ በራስሽ አታቁሚው የኔ እህት፣ መጀመሪያ ደውለሽ ንገሪያቸው። የምትይው ነገር በጣም የተለመደ ነው፣ ኤንብረል በጥናት ሲሞከር ከ100 ሰው ወደ 37ቱ መርፌው የገባበት ቦታ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይተዋል። በብዛት የሚመጣው በመጀመሪያው ወር ነው፣ አንዴ ሲመጣ በአማካይ ከ3 እስከ 5 ቀን ይቆያል፣ ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል። የኔ አራተኛው መርፌ ላይ ነበር የባሰው፣ ሱሪ ሲነካኝ ራሱ አልችልም ነበር፣ ከዚያ በየሳምንቱ እያነሰ ሄዶ ሁለት ወር ሲሞላኝ ጠፋ። አንዳንዴ ደግሞ ዛሬ ቀኙን ወግተሽ ያለፈው ሳምንት የግራው ቦታ አብሮ ሊነሳ ይችላል፣ እሱም የሚታወቅ ነገር ነው፣ አትደንግጪ። ለማሳከኩ ቀዝቃዛ ነገር በጨርቅ ጠቅልለሽ 10 ደቂቃ ያህል ያዢበት፣ በረዶውን በቀጥታ ቆዳሽ ላይ አታድርጊው። ሃይድሮኮርቲዞን 1 ፐርሰንት ቅባትና እንደ ሴቲሪዚን ያለ የአለርጂ ክኒን ለብዙ ሰው ይረዳል፣ ሌላ መድሃኒት የምትወስጂ ከሆነ ግን መጀመሪያ ፋርማሲስትሽን ጠይቂ።

ጥያቄ፦ የመድሃኒቱ መመሪያ ወረቀት ላይ "ቀይ ከሆነና ከተስፋፋ ሐኪም ያማክሩ" ይላል። እኔ ጠይም ነኝ፣ ቀይ የሚባል ነገር አይቼ አላውቅም፣ እንዴት ነው የማውቀው?

መልስ፦ ይሄን ስለጠየቅሽ እግዜር ይስጥሽ፣ ስለዚህ ጉዳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ወረቀቱም የማሳያ ቪዲዮውም በብዛት የተሰራው በነጭ ቆዳ ነው። እኛ ላይ ያ "ቀይ" የሚሉት ብዙ ጊዜ ጠቆር ያለ፣ ወይ ወይንጠጅ የመሰለ፣ አንዳንዴም ቆዳው ተወጥሮ ማብረቅረቅ ብቻ ሆኖ ነው የሚታየው። ስለዚህ በዓይንሽ ብቻ አትመኚ፣ በእጅሽ ፈትሺው። የእጅሽን ጀርባ እብጠቱ ላይ አድርጊና ከዚያ በሌላኛው ጭንሽ ተመሳሳይ ቦታ ላይ አድርጊ፣ የሙቀቱ ልዩነት ወዲያው ይታወቅሻል። በጣትሽ ጫፍ ዙሪያውን ስትዳስሺ ደግሞ ጠንከር ያለው የት ላይ እንደሚያልቅ ታገኚዋለሽ፣ እዚያ ላይ በእስክርቢቶ ክብ አስምሪና ሰዓቱን ጻፊበት፣ መስኮት አጠገብ ሆነሽ ፎቶ አንሺው። በማግስቱ ከመስመሩ አልፎ ከሆነ ታያለሽ።

እኔ ይሄን የተማርኩት ተጎድቼ ነው። አንድ ጊዜ ሆዴ ላይ ወግቼ አበጠብኝና ደወልኩ፣ ስልክ ላይ የነበረችው ነርስ "ቀይ ነው?" አለችኝ፣ አይደለም አልኳት፣ "እንግዲያው ችግር የለውም" ብላ ዘጋችው። ችግር ነበረው፣ በሶስተኛው ቀን እሳት የመሰለ ሙቀትና ትኩሳት ይዞኝ ሄድኩ፣ ኢንፌክሽን ነው ተብሎ አንቲባዮቲክ ታዘዘልኝ። አሁን ስደውል ቀለሙን ሲጠይቁኝ "እኔ ጥቁር ነኝ፣ ቀይ አይታይብኝም፣ ግን ይሞቃል፣ ጠንክሯል፣ ከትላንቱ መስመር ሁለት ጣት አልፏል" ነው የምላቸው። እንደዛ በሉ እባካችሁ።

ጥያቄ፦ እብጠቱ ከጠፋ በኋላ ጥቁር ምልክት እየተወ ሆዴ ነብር መሰለ፣ የሚያስለቅቅ ቅባት አለ?

መልስ፦ እሱ ጠባሳ አይደለም፣ ቆዳችን ሲቆጣ የሚተወው ጥቁረት ነው፣ ወራት ይፈጃል እንጂ በራሱ ይደበዝዛል። አትከኪው፣ ማከክ ነው የሚያብሰው። በየሱቁ የሚሸጠውን ቆዳ የሚያነጣ ክሬም ደግሞ በፍጹም እንዳትቀቢ፣ ውስጡ ሜርኩሪ ወይ ኃይለኛ ስቴሮይድ ያለበት ሞልቷል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ከእስራኤል፣ ከአሽዶድ ነኝ፣ 68 ዓመቴ ነው። መርፌው ያበጠበት ላይ ፌጦ በነጭ ሽንኩርት ወቅጬ ላድርግበት ወይስ ቅቤ ይሻላል? በአገራችን እንዲያ ነበር የምናደርገው።

መልስ፦ እናቴ እንደምን አሉ፣ ስለጻፉልኝ ደስ ብሎኛል። እኔም እናቴ ፌጦ እያሸችልኝ ነው ያደግኩት፣ እዚህ ላይ ግን ይቅርብዎት። ፌጦም ነጭ ሽንኩርትም ቆዳን ያቃጥላሉ፣ ውሃ እስኪቋጥር ድረስ ሊልጡ ይችላሉ፣ መርፌው የከፈተው ቀዳዳ ደግሞ ገና አልደረቀም። ይሄ መድሃኒት የሰውነትን መከላከያ ዝቅ ስለሚያደርግ ለእርስዎ ትንሽ ቁስልም ቀላል አይደለችም። ቅቤውንም እዚያ ቦታ ላይ አያድርጉት። ቀዝቃዛ ጨርቅ ይያዙበት፣ ከአምስት ቀን ካለፈ ወይ ከጨመረ ለኩፓት ሆሊምዎ (ለሚታከሙበት የጤና መድን ድርጅት) ይደውሉ፣ ቋንቋው ካስቸገረዎ የልጅ ልጅዎ ታናግርልዎት።

ጥያቄ፦ ሁሚራ የሚባለውን መርፌ ለዓመታት ስወስድ ምንም አልነበረኝም፣ ኢንሹራንሴ ወደ ሌላ ተመሳሳይ መድሃኒት ቀየረብኝና አሁን ሲገባ እንደ ንብ ያቃጥላል። የውሸት መድሃኒት ነው?

መልስ፦ የውሸት አይደለም ወንድሜ። ከ2023 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሁሚራ አምሳያዎች ብዙ ሆነው ገብተዋል፣ ዋናው መድሃኒት ላይ በጥቅም ልዩነት የላቸውም፣ አብሮት ያለው ፈሳሽ ግን ይለያያል። የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ ሲትሬት የሚባለው ነው። ሁሚራ ራሱ በፊት ሲትሬት ነበረው፣ እዚህ ሲትሬት የሌለው የወጣው በ2018 ነው፣ የፈሳሹም መጠን ከ0.8 ሚሊ ሊትር ወደ 0.4 ወርዶ መርፌውም ቀጠነ። ፋርማሲስቱን "ሲትሬት የሌለበት አለ ወይ" ብለህ በስሙ ጠይቀው፣ ኢንሹራንስህ ከሚሸፍናቸው ውስጥ ሊኖር ይችላል።

ብዙዎቻችሁ ስለ አወጋጉም ጠይቃችሁኛል፣ እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ፔኑን (መድሃኒቱ ተሞልቶበት የሚመጣውን እስክርቢቶ የመሰለ መወጊያ) ከፍሪጅ አውጥቼ ክዳኑን ሳልነካ ጠረጴዛ ላይ ግማሽ ሰዓት አቆየዋለሁ፣ ቡናዬን የማፈላው ያኔ ነው። ሙቅ ውሃ ውስጥ መንከር፣ ማይክሮዌቭ፣ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ አይሆንም፣ መነቅነቅም አይሆንም። አልኮሉን ከጠረግኩ በኋላ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ፣ እርጥብ አልኮል ከመርፌው ጋር ሲገባ ነው ግማሹ ማቃጠል የሚመጣው። ከእምብርት አምስት ሴንቲ ሜትር እርቃለሁ፣ ካለፈው ቦታ ቢያንስ ሁለት ጣት፣ የበለዘ ወይ የጠነከረ ቦታ አልነካም። ግራ ጭን፣ ቀኝ ጭን፣ ሆድ በግራ፣ ሆድ በቀኝ እያልኩ ካላንደር ላይ እጽፋለሁ። ስጨርስ ጥጥ ጫን አደርጋለሁ እንጂ አላሽም።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ነው። እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ሁሚራ ታመጣልኛለች፣ መብራት በየጊዜው ይጠፋል፣ ሽፍታ የሚወጣብኝ መድሃኒቱ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ሽፍታው ከዚያ ነው ለማለት ይከብዳል፣ የተበላሸ መድሃኒት በብዛት የሚታወቀው ባለመስራቱ ነው። ሁሚራ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው፣ ከ25 ዲግሪ ካላለፈና ብርሃን ካልነካው ግን ከፍሪጅ ውጪ እስከ 14 ቀን ይቆያል፣ ስለዚህ መብራት ለጥቂት ሰዓት ቢጠፋ አትጨነቂ፣ የፍሪጁን በር አትክፈቺው። እኔን የሚያስፈራኝ በረዶ ነው። አንዴ ከረጋ ቢቀልጥም አይሆንም፣ ስለዚህ ከፍሪጁ የኋላ ግድግዳ አርቂው፣ እህትሽም ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጇ ትያዘው። በፔኑ ትንሽ መስኮት ስታዪው ከደፈረሰ ወይ የሚንሳፈፍ ነገር ካለው አትውጊው። ሽፍታው ከመርፌው ቦታ ውጪ፣ ሌላ ሰውነትሽ ላይ ከሆነ ደግሞ ለሚከታተልሽ ሐኪም ሳታሳዪ ቀጣዩን አትውጊ።

ጥያቄ፦ መቼ ነው በእውነት መፍራት ያለብን?

መልስ፦ ከተወጋችሁ በኋላ ከንፈር፣ ፊት ወይ ጉሮሮ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ሰውነታችሁን ሙሉ ሽፍታ ካወረሳችሁ ወይ ራሳችሁን ልትስቱ ከሆነ እዚያው አምቡላንስ ነው፣ እዚህ 911፣ "እስቲ ትንሽ ልየው" የሚባል ነገር የለም። ቦታው እየሞቀና እየሰፋ ሄዶ ትኩሳት ወይ ብርድ ብርድ ካለበት ወይ መግል ከያዘ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ። መዳፍና ውስጥ እግር ላይ የሚላላጥ ነገር ከወጣም ንገሯቸው፣ እነዚህ መድሃኒቶች አንዳንድ ሰው ላይ ሶራያሲስ የሚባለውን ቆዳ የሚያላልጥ በሽታ ያስነሳሉ።

ጥያቄ፦ እኔ ሰልችቶኝ ከሁለት ወር በፊት ለማንም ሳልናገር አቆምኩት። እብጠቱን ከመፍራቴ የተነሳ ፔኑን ሳየው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን ጣቶቼ አብጠው የልጄን ፀጉር መስራት አልቻልኩም። ለዶክተሬ ምን እላታለሁ?

መልስ፦ የኔ ውድ፣ እውነቱን በያት፣ ከዚህ በፊትም ብዙ ሰው ነግሯታል፣ አትቆጣሽም። ፍሪጅ ውስጥ የቀረውን ግን ዛሬ ተነስተሽ እንዳትወጊ፣ ሁለት ወር ካለፈ እንዴት እንደሚጀመር የምትነግርሽ እሷ ናት። አማራጩ አንድ ብቻ አይደለም፣ ከፔን ይልቅ በራስሽ ፍጥነት ቀስ ብለሽ የምትገፊው ሲሪንጅ አለ፣ ሌላ አይነት መርፌ አለ፣ ክሊኒክ ሄደሽ በደም ስር የሚሰጥም አለ፣ በአፍ የሚወሰድም አለ። ያበጠውን ፎቶ ያነሳሽው ካለ ይዘሽ ሂጂ፣ ከሌለም በእጅሽ ምን ያህል እንደነበር አሳያት። ነገ ሰኞ ነው፣ ጠዋት ሲከፍቱ ደውዪ፣ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ደግሞ ጻፊልኝ።