ስምንት መስመር ለትሪዮ ቅጂ ይበቃል ወይ?

ወንድሜ፣ ፒያኖ፣ ኮንትራባስና ድራም ያለው የጃዝ ትሪዮ ተመልካች ፊት ሲጫወት ልትቀዳ መሆኑን ነግረህ፣ ስምንት መስመር (ለየብቻ የሚቀዳ የድምፅ መግቢያ) ይበቃኛል ወይ ብለሃል። ይበቃሃል። ሰባቱም በቂ ነው፦ ሁለት ለፒያኖ፣ ሁለት ለቤዝ (ለኮንትራባሱ)፣ ሦስት ለድራም። «ማይክ ጨምር» የሚሉህን አትስማ። ችግሩ ያለው የፒያኖው ማይክ ውስጥ የሚገባው ሲምባል (የድራሙ የናስ ሳህን) ላይ ነው፤ አንዴ ከገባ ሚክስ ላይ፣ ማለትም ድምፆቹን ስታመጣጥን፣ አይወጣም።

1. ፒያኖ። የግራንድ ፒያኖ ክዳን በረጅሙ ዘንግ ሲቆም፣ ጭራው በኩል የተቀመጠውን ድራም ድምፅ እየሰበሰበ ወደ ማይኮቹ ይመልሳል። በአጭሩ ዘንግ አቁመው። ትንሽ ዲያፍራም (ድምፅ የሚቀበል ስስ ሽፋን) ያላቸው ሁለት ካርዲዮይድ (ከፊት በኩል አጥርተው የሚሰሙ) ኮንደንሰር ማይኮች ከክሮቹ በላይ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ላይ አድርግ፣ ከመዶሻዎቹ ትንሽ አለፍ ብለው፤ አንዱ በቀጭኖቹ ክሮች፣ ሌላው በወፍራሞቹ በኩል። ጀርባቸው ወደ ድራሙ ይሁን፤ ካርዲዮይድ ደካማ የሚሆነው በጀርባው ነው። ትልቅ ዲያፍራም ያለው ማይክ ከጎን የሚመጣውን ድምፅ ቀለሙን ስለሚለውጠው ሲምባሉ የደፈረሰ ሆኖ ይገባል። ድራሙ መግባቱ ካልቀረ ደግሞ ጥርት ብሎ ይግባ።

«ማይኩን አርቀው፣ አየር ይግባበት» የሚለው ምክር ለጸጥተኛ ስቱዲዮ ነው። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር በቀጥታ የሚመጣው ድምፅ ወደ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ያንን በጌይን (በመግቢያው ማጉያ) ልትመልስ ስትል ድራሙም አብሮ ያድጋል። ሁለቱን ማይክ በሞኖ (ወደ አንድ ድምፅ ደባልቀህ) ሳታዳምጥ አትለፍ። ድምፁ ከሳሳ አንዱን ጥቂት ሴንቲሜትር አንቀሳቅስና ደግመህ ስማ።

ፒያኖው የሚቃኘው የመጨረሻ ቦታው ላይ ከቆመና የመድረኩ መብራት ከበራ በኋላ ነው፤ ሙቀቱ ክሮቹን ያላላቸዋል። ጠዋት አስቃኝተው ከሰዓት ፒያኖውን የሚገፉ አዳራሾች አሉ፣ ይህ የሙዚቀኛውን ድካም መናቅ ነው። ቃኚው በእረፍት ሰዓት ተመልሶ እንዲነካካው አስቀድመህ ተስማማ። የፔዳሉንና የወንበሩን ሲጥሲጥታም ያኔውኑ አስጠፋ፤ ለስላሳ ባላድ ላይ ከሁሉም በላይ የሚሰማው እሱ ነው።

2. ቤዝ። አንድ መስመር ከፒክአፑ (ቤዙ ላይ ከተለጠፈው ድምፅ ተቀባይ)፣ አንድ ማይክ ከድልድዩ (ክሮቹን ከሚደግፈው እንጨት) 15–20 ሴንቲሜትር ርቆ። ፒየዞ (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር) ፒክአፕ የመግቢያ መቋቋሙ (ኢምፒዳንስ) 1 ሜጋኦም ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፕሪአምፕ (ቅድመ ማጉያ) ይፈልጋል፤ ተራ ፓሲቭ ዲአይ (መሣሪያን ከሚክሰር መግቢያ ጋር የሚያገናኝ፣ ኃይል የማይፈልግ ሳጥን) ላይ ከሰካኸው ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋና አፍንጫዊ ይሆናል። ድምፅ አንድ ሜትር ለመጓዝ ወደ 3 ሚሊሰከንድ ስለሚፈጅበት ማይኩ ከፒክአፑ ትንሽ ይዘገያል። ስትደባልቃቸው ከሳሱ የማይኩን ትራክ ወደ ፒክአፑ አስጠጋ ወይም ፖላሪቲውን (የሞገዱን ላይና ታች) ገልብጥ። የቤዙ አምፕ ዝቅ ብሎ ይከፈት፣ ፊቱም ወደ ፒያኖው አይሁን።

3. ድራም። ሁለት ኦቨርሄድ (ከድራሙ በላይ የሚሰቀሉ ማይኮች) ከስኔሩ (ከትንሹ የሚንሿሿ ከበሮ) እኩል ርቀት ላይ (በገመድ ለካ)፣ አንድ ለኪክ (በእግር ለሚመታው ትልቁ ከበሮ)። በቃ።

4. ዋናው ጥፋት እዚህ ነው። የአዳራሹ ሰዎች «ምን አደከመህ፣ ከሚክሰራችን ውሰድ» ይሉሃል፣ እንቢ ስትል ደግሞ ይቆጣሉ። እንቢ በል። የአዳራሹ ሚክስ የሚሠራው አዳራሹ የጎደለውን ለመሙላት ነው። ትንሽ ክፍል ውስጥ ድራሙ በራሱ ስለሚሰማ ስፒከር ላይ እምብዛም አይወጣም፤ ቅጂህም ግዙፍ ፒያኖና ቤዝ፣ ከሩቅ የሚንቆጫቆጭ ድራም ይሆናል። ትክክለኛው መንገድ ትራንስፎርመር ያለው ስፕሊተር (መስመር መክፈያ ሳጥን) ነው፦ እያንዳንዱ ማይክ ለአዳራሹና ለአንተ ለሁለት ይከፈላል፣ ጌይኑ የራስህ ይሆናል። ኮንደንሰር ማይኮቹ የሚሠሩበት 48 ቮልት ከቀጥታው መስመር (በትራንስፎርመሩ ከማያልፈው) ብቻ ይምጣ፣ ትራንስፎርመሩ አያሳልፈውምና። ስፕሊተር ከሌለ ሚክሰሩ ላይ ከፌደር (ድምፅ ከፍና ዝቅ ከሚያደርገው ተንሸራታች) በፊት ያለውን የየመስመሩን መውጫ ጠይቅ። ያኔ ግን ጌይኑ የጋራ ነው፤ የአዳራሹ ሳውንድ ማን በሶሎ መሀል ጌይን ቢቀንስ ቅጂህ ላይ ፒያኖው በድንገት ይወርዳል። ኮንሰርቱ ከተጀመረ በኋላ ጌይን እንዳይነካ፣ በፌደር ብቻ እንዲሠራ ቃል አስገባው።

በ24 ቢት ቅዳ፤ በሙከራ ጊዜ የድምፁ ጫፍ ከ−18 ዴሲቤል (ጣሪያው 0 ነው) እንዳያልፍ፣ ድራመሩ ሰው ፊት ሲቀመጥ ይበረታልና። ስምንተኛው መስመር ለንግግር ማይኩ ይሁን። ጭብጨባውን በትንሽ ስቴሪዮ ሪከርደር ከአዳራሹ መሀል ውሰድ፣ መጠባበቂያም ይሆንሃል። የዋናውና የትንሹ ሪከርደር ሰዓት ቀስ በቀስ ስለሚራራቅ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ አንድ አንድ ጊዜ ጮክ ብለህ አጨብጭብ፣ ስታገጣጥም ምልክት ይሆንሃል።

መብራትን አትመን፣ ሪከርደሩን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ላይ ሰካው። ፒያኒስቱ ቢል ኢቫንስ ከቤዝ ተጫዋቹ ስኮት ላፋሮና ከድራመሩ ፖል ሞቲያን ጋር እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 1961 ኒው ዮርክ በሚገኘው ቪሌጅ ቫንጋርድ የጃዝ ክለብ ሲቀዱ፣ የመጀመሪያው ዜማ በመብራት መቋረጥ ተበጥሷል። ያተረፋቸው በዚያ ቀን አምስት ዙር ተጫውተው ሁሉንም መቅዳታቸው ነው። አንተም ሁለት ዙር ካላቸው ሁለቱንም ቅዳ፤ ፋይሉንም ገመድ መጠቅለል ሳትጀምር ሁለተኛ ዲስክ ላይ ገልብጠው።