ለኮምቦልቻዋ እህቴ፦ ስለ እሬትሽ

አብሽሪ እህቴ፣ ገና ይተርፋል። ጓሮሽ የተከልሽው እሬት ጠዋት ጠዋት ውሃ እያገኘ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ከሥሩ መለስለሱን፣ አበባም እምቢ ማለቱን ጽፈሻል። እኔ ደሴ ግቢዬ ውስጥ ይህንኑ ባለ ቀይ አበባ የተራራ እሬት ለዓመታት ይዤዋለሁ። የጎዳው ያው የጠዋቱ ውሃ ነው።

እሬት ውሃውን ቅጠሉ ውስጥ ያጠራቅማል። ቀን ፀሐይ ሲበረታ ትንፋሹን ዘግቶ ሌሊት ስለሚከፍት የያዘው ቶሎ አያልቅበትም። ሥሩ ግን ጭቃ ውስጥ ሲከርም አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ተዳፋትና ድንጋያማ ቦታ ላይ የሚበዛው ዝናቡ ሳይተኛበት ስለሚያልፍ ነው።

አሁን ንቀዪውና ሥሩን እዪው። የጠቆረውንና የሚሸተውን በንጹሕ ቢላ እስከ ደህናው ድረስ ቁረጪ። ከዚያ ቁስሉ እስኪደርቅ አንድ ሳምንት ያህል ጥላ ሥር አስቀምጪው፤ እርጥቡን መልሰሽ ከተከልሽው ያው ይበሰብሳል። ግንዱ መሐሉ ድረስ ከለሰለሰ ተይውና ከጎኑ ያወጣቸውን ልጆች ለይተሽ ትከዪ።

ዋናው ነገር መሬቱ ነው። አፈርሽ ዋልካ ከሆነ ጉድጓድ ቆፍረሽ አሸዋ ብትሞዪበት ጉድጓዱ ክረምት ላይ ውሃ ይይዛል፤ ይህን ምክር ብዙ ሰው ይሰጣል፣ እኔ አልስማማም። ይልቅ ድንጋይ ደርድረሽ ከፍ ያለ መደብ ሥሪ፣ አፈሩን ከጠጠርና ከአሸዋ ጋር ቀላቅዪ። ፍግ አታብዢ፣ ቅጠሉ ይወፍራል እንጂ አበባ አይጨምርም። ከግቢሽ ፀሐይ የሚበዛበትን ቦታ ስጪው፣ ጥላ ውስጥ ማበቡን እርሺው።

መትከያው መስከረም ማለቂያ ላይ ነው፣ ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ገና ሙቀትና እርጥበት ሲኖረው። ሥር ከያዘ በኋላ በበጋ በሦስት ሳምንት አንዴ ጠጥቶ ይበቃዋል፤ በልጉ ከዘነበማ ጭራሽ አትንኪው። በጋ ላይ ቅጠሉ ቀላ ብሎ ሲቀጥን እንዳትደነግጪ፣ ፀሐዩና ጥሙ ነው፣ ዝናብ ሲያገኝ ይመለሳል። የሚያሰጋው ቢጫው ልስላሴ ነው። ከእኛ ከፍ ብሎ ደጋ ላይ ያላችሁ ደግሞ ውርጩን ፍሩ፤ የካብ ጥግ ይዞ ቢተከል ይሻለዋል።

አበባው አይቸኩልም። ትንሽ ልጅ ተክለሽ ከሆነ ሦስት አራት ዓመት ሊወስድ ይችላል። ሲያወጣ ግን ንቡም፣ ያቺ አበባ የምትቀስመው ትንሽ ወፍም ግቢሽን ያውቁታል።

ከተቆረጠ ቅጠል የሚወጣውን ቢጫ ፈሳሽ ግን እንደ ሱቁ አሎቬራ ቆጥራችሁ እንዳትጠጡት፣ ሆድ ያጥባል። መራራነቱንማ እናቶቻችን ጡት ሲያስጥሉን አስቀምሰውናል!

የሚተከል የእሬት ልጅ ካጣሽ ከተራራ አትንቀዪ። ከአሎቬራ በቀር የእሬት ዘር በሙሉ ዓለም አቀፍ ንግዱ ቁጥጥር ያለበት ነው፣ አንዳንዱም ከአገራችን ውጭ የለም። የእኔ በየዓመቱ ልጅ ያወጣል፤ ደሴ ስትመጪ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና ውሰጂ።