ቤትሆቨን ሰነፍ ነበር እንዴ?

ባለፈው እትም ስለ ምዕራባውያን ክላሲካል ሙዚቃ ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ጎረፈ። ሁሉን ማስተናገድ ስለማይቻል ስድስቱን መርጫለሁ። አንዳንዱ ረጅም መልስ ይፈልጋል፣ ሌላውን ቶሎ እናልፈዋለን። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ባህም፣ ሞዛርትም፣ ስትራቪንስኪም «ክላሲካል» ይባላሉ። ስሰማቸው ግን ጭራሽ አይመሳሰሉም። አንድ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው? ወይስ ስሙ ዝም ብሎ የተለጠፈ ነው?

መልስ፦ ግማሹ የተለጠፈ ነው። ባህ ራሱን «ክላሲካል» ብሎ አያውቅም፤ ቃሉ በዚህ ትርጉሙ የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የሙዚቃ ሰዎች ሲያጠብቡት ደግሞ ከ1750 እስከ 1820 ገደማ ያለውን ብቻ ማለታቸው ነው፤ ሃይድንን፣ ሞዛርትንና ወጣቱን ቤትሆቨንን። ከዚያ በፊት ያለው ባሮክ፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ሮማንቲክ ይባላል። በጠባቡ ትርጉም ከሄድን ባህ ራሱ ክላሲካል አይደለም፤ ይህን ለጓደኛህ ንገረውና ክርክር አስነሳ።

አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ግን አለ። ወረቀት ነው። በ1025 ገደማ ጣሊያን ውስጥ የአሬዞው ጉዊዶ የሚባል መነኩሴ ነበር። መዘምራኑ ዜማ ለመያዝ የሚፈጅባቸው ጊዜ አስመረረው። ስለዚህ ድምፁ የት ድረስ ከፍ፣ የት ድረስ ዝቅ እንደሚል በመስመሮች ላይ ማስቀመጥ ጀመረ፤ አንዱን መስመር በቀይ፣ አንዱን በቢጫ እያቀለመ። አስር ዓመት የሚፈጀውን ትምህርት በአንድ፣ ቢበዛ በሁለት ዓመት እጨርሰዋለሁ ብሎ ጽፏል። ጉራ ይመስላል፣ ግን ዘዴው እስከ ዛሬ የምንጠቀምበት ነው። ዶ ሬ ሚ የምንላቸውም ከእሱ የመጡ ናቸው፤ ከአንድ የላቲን መዝሙር ስንኞች መነሻ ወሰዳቸው። እሱ ግን «ዶ»ን «ኡት» ነበር የሚላት።

ኖታ ላለመርሳት ብቻ የሚጻፍ ነገር እንዳይመስልህ። ዜማ አንዴ ወረቀት ላይ ከሰፈረ አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ አራት ሰዎች በአንድ ጊዜ አራት የተለያየ ነገር ሲያዜሙ እንዴት እንደሚገጥም ማቀድ ይችላል። በ1198 ገደማ ፔሮቲን ለፓሪሱ የኖትረዳም ካቴድራል ያደረገው ይህንኑ ነው። አራት ድምፅ ከተቻለ፣ መቶ ሰው ያለበት ኦርኬስትራ የጊዜ ጉዳይ ነበር።

ጥያቄ፦ ሃይድን 104 ሲምፎኒ ጻፈ ይላሉ። ቤትሆቨን 9 ብቻ። ቤትሆቨን ሰነፍ ነበር እንዴ? እባክህ እንዳትስቅብኝ፣ እህትህ ነኝ።

መልስ፦ አልሳቅኩም እህቴ። ከመጡት ሁሉ ይቺን ነው የወደድኳት፤ ምክንያቱም የዚህን ሙዚቃ ታሪክ ለመረዳት በየዘመኑ «ደሞዝ የሚከፍለው ማን ነበር?» ብሎ መጠየቅን የመሰለ ነገር የለም።

ሃይድን ተቀጣሪ ነበር። በ1761 ኤስተርሃዚ የሚባሉ የሃንጋሪ መሳፍንት ቤት ገባ። የፈረመው ውል እስከ ዛሬ አለ፤ ብታነቢው ጉድ ትያለሽ። ነጭ ካልሲ ማድረግ አለበት። ዱቄት የተነሰነሰበት ፀጉር ወይም ዊግ ሊኖረው ይገባል። በየቀኑ ጠዋትና ከሰዓት ከልዑሉ እልፍኝ ደጅ ቆሞ ዛሬ ሙዚቃ ይፈለግ እንደሆነ ይጠይቃል። የጻፈው ሁሉ የልዑሉ ነው፤ ገልብጦ ለሌላ መስጠት የለም፣ ያለ ፈቃድ ለሌላ ሰው መጻፍ የለም። እንዲህ ባለ ቤት ሲምፎኒ፣ ማለትም ለኦርኬስትራ የሚጻፍ ባለ ብዙ ክፍል ሙዚቃ፣ የደሞዝ ሥራ ነው። ሃያ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ይጻፋል፣ ይለማመዱታል፣ ይጫወቱታል፣ በቃ፣ ቀጣዩ ይምጣ።

ሰውየው ግን ተቀጣሪ ነው ተብሎ አንደበት የሌለው እንዳይመስልሽ። በ1772 ልዑሉ ገጠር ከሚገኘው ቤተ መንግሥቱ አልመለስ አለ። ሙዚቀኞቹ ሚስትና ልጆቻቸውን ከተማ ትተው ነው የመጡት። ናፍቆት ገደላቸው። ለልዑሉ ፊት ለፊት «እንሂድ» ማለት ደግሞ አይቻልም። ሃይድን ምን አደረገ? አዲስ ሲምፎኒ ጻፈ። የመጨረሻው ክፍል ፈጣን ሆኖ ይጀምርና ያለቀ ሲመስል ድንገት ቀስ ያለ ሙዚቃ ይከተላል። ያኔ አንድ ኦቦ ነፊና አንድ ሆርን ነፊ የራሳቸውን ይጨርሱና ከኖታቸው ፊት ያለውን ሻማ እፍ ብለው አጥፍተው ይወጣሉ። ቀጥሎ ሌላው። ቀጥሎ ሌላው። አዳራሹ እየጨለመ፣ ድምፁ እየሳሳ ይሄዳል። በመጨረሻ ሁለት ቫዮሊን ብቻ ይቀራሉ። እነሱም ያጠፋሉ። ልዑሉ ነገሩ ገባው ይባላል፤ በማግስቱ ጓዝ ተጠቅልሎ ጉዞ ሆነ። ከዚህ የተሻለ የፈቃድ ማመልከቻ አይቼ አላውቅም።

ሞዛርት እንዲህ ዓይነት ትዕግሥት አልነበረውም። በ1781 የዛልትስቡርጉ ሊቀ ጳጳስ አገልጋይ ሆኖ ቪየና ሲመጣ ማዕድ ላይ ከወጥ ቤቶቹ በላይ፣ ከአሽከሮቹ በታች ነበር የሚያስቀምጡት። ለአባቱ በምሬት ጽፎለታል። ተጣላ፣ ልልቀቅ አለ፣ በመጨረሻም የሊቀ ጳጳሱ ሹም መቀመጫው ላይ በእርግጫ ብሎ አስወጣው። ከዚያ በኋላ ትኬት እየሸጠ፣ እያስተማረ፣ በትዕዛዝ እየጻፈ ኖረ። በ35 ዓመቱ ሞተ።

ቤትሆቨን የመጣው በዚህ መንገድ ላይ ነው። ጌታ የለውም። በ1809 ሦስት መኳንንት በዓመት 4,000 ፍሎሪን (የዚያን ጊዜ የኦስትሪያ ገንዘብ) ሊቆርጡለት ተስማሙ፤ ምትኩ ምን መሰለሽ? ቪየናን ለቆ አይሂድ፣ በቃ። በየጠዋቱ ደጅ መቆም የለም። ያሳትማል፣ ከአሳታሚዎች ጋር ይከራከራል፣ ደብተር ላይ አንዱን ዜማ አስር ጊዜ ሰርዞ ይጽፋል። ሦስተኛው ሲምፎኒው ብቻውን 50 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በ1805 ለሕዝብ ሲቀርብ ከላይኛው ሰገነት አንዱ ተመልካች፣ ብታቆሙ አንድ ክሮይዘር (ሳንቲም) እጨምራለሁ ብሎ ጮኸ ይባላል። ዘጠነኛው ከአንድ ሰዓት ያልፋል። ስለዚህ ሰነፍ አልነበረም። የሃይድን ሲምፎኒ ለዛሬ ማታ ነበር የሚጻፈው። ቤትሆቨን ግን እሱ ከሞተ በኋላም ለሚመጣ ሰው ይጽፍ ነበር።

ጥያቄ፦ የ63 ዓመት ሰው ነኝ። ልጄ የቻይኮቭስኪን 6ኛ ሲምፎኒ እንስማ ብላ ወሰደችኝ። ሦስተኛው ክፍል ላይ ያ ሁሉ ከበሮና መለከት ሲያበቃ ያለቀ መስሎኝ ተነስቼ አጨበጨብኩ። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ልጄ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ጥፋቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ አይዞዎት አባቴ። ቻይኮቭስኪ ነው ያጠመደዎት። ሦስተኛው ክፍል ማርሽ ነው፤ እየገነነ እየገነነ ሄዶ በኃይል ይደመድማል። ማንም ጤነኛ ሰው አለቀ ይላል። ከዚያ አራተኛው ክፍል ለቅሶ ይጀምራል፣ መጨረሻው ላይም ዝቅተኞቹ ባለ አውታሮች ብቻ ቀርተው ድምፁ እየከሰመ ይጠፋል። ቻይኮቭስኪ ይህን በ1893 ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ራሱ መርቶ ካስደመጠ በዘጠነኛው ቀን ሞተ።

ደግሞ እርስዎ ያደረጉት በሞዛርት ዘመን ምስጋና ነበር። ሞዛርት በ1778 ፓሪስ ላይ ሲምፎኒ ሲያቀርብ፣ በክፍሎቹ መሀል ይቅርና ገና እየተጫወቱ ሳለ ሕዝቡ አጨበጨበ። ተቀየመ? ኧረ እንዲያውም! ያቺ ቦታ እንደምትወደድ ስለማውቅ መጨረሻ ላይ ደግሜ አስገባኋት ብሎ ለአባቱ ጻፈ። ኮንሰርቱ እንዳለቀም በደስታ አይስክሬም ሊበላ ሄደ። በ1813 የቤትሆቨን 7ኛ ሲምፎኒ ቪየና ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ ደግሞ ሁለተኛው ክፍል ይደገም ተብሎ እዚያው ተደግሟል።

ታዲያ ዝምታው ከየት መጣ? ድሮ ሰው የሚሰማው አዲስ ሙዚቃ ነበር፤ የሞተ ሰው ሥራ ማን ይፈልጋል? በ1829 የ20 ዓመቱ የሙዚቃ ደራሲ ሜንደልሶን የባህን «የማቴዎስ ሕማማት» በርሊን ላይ ሲያስደምጥ ባህ ከሞተ 79 ዓመቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሙታኑ ሥራ እየበዛ፣ አዳራሹም ቀስ በቀስ ሙዚየም እየመሰለ ሄደ። የኦፔራ ደራሲው ቫግነር ደግሞ በ1876 ባይሮይት ላይ የራሱን ቲያትር ሲከፍት የተመልካቹን ቦታ አጨለመ፣ ኦርኬስትራውንም ከዓይን ሰወረው። ዞር ብለው ከጎረቤት ጋር ማውራት ቀረ። በክፍሎች መሀል አለማጨብጨብ ደንብ የሆነው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ነው።

እኔ በበኩሌ ደንቡን ብዙም አልወደውም። አንድ ጊዜ በዚያ ጸጥታ መሀል ከረሜላ ስልጥ ከፊቴ ያለችው ሴትዮ ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም። ቀስ ብዬ ብልጠው ይሻላል ብዬ ነበር፤ ለካ ቀስ ሲሉ ረጅም ጊዜ ነው የሚንኮሻኮሸው። ለእርስዎ የምመክረው፦ የኦርኬስትራውን መሪ ይዩ። እጁን አውርዶ ወደ ሕዝቡ እስኪዞር ይጠብቁ። ካልሆነም ሌላው ይቅደም።

ጥያቄ፦ ስማቸው ለምን የመኪና ታርጋ ይመስላል? «ኬ 550»፣ «ኦፐስ 67»...

መልስ፦ «ኦፐስ» በላቲን «ሥራ» ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ የኅትመት ቅደም ተከተል ነው። «ኬ» ደግሞ ኮኸል ነው። በዕፅዋትና በማዕድን ጥናትም የሚታወቅ ኦስትሪያዊ ሲሆን በ1862 የሞዛርትን ሥራዎች አንድ በአንድ ቁጥር ሰጣቸው። አበባ የሚሰበስብ ሰው ነውና ቁጥር መለጠፍ አይከብደውም። ቆንጆ ስም ያላቸውንም ደግሞ አትመናቸው። የቤትሆቨንን የፒያኖ ሶናታ «የጨረቃ ብርሃን» ያሰኘው አንድ ሃያሲ ነው፤ ቤትሆቨን ከሞተ በኋላ።

ጥያቄ፦ የድሮውን እወዳለሁ። ከ1900 በኋላ ያለው ግን ጥርሴን ያፋጨኛል። ምን ነካቸው?

መልስ፦ ቤታቸውን ለቀው ወጡ። ለ200 ዓመት ያህል የዚህ ሙዚቃ ዜማ ከቤቱ (ከሚነሳበት ዋና ድምፅ ማለቴ ነው) ይወጣል፣ ይንከራተታል፣ መጨረሻ ላይ ቤቱ ይገባል። ያ መመለስ ነው ጆሮህን የሚያሳርፈው። ቫግነር በ1865 ባቀረበው አንድ ኦፔራ መመለሱን እስከ መጨረሻው ድረስ፣ አራት ሰዓት ያህል አዘገየው። የቪየናው የሙዚቃ ደራሲ ሾንበርግ በ1908 ገደማ ጭራሽ ቤት አያስፈልግም አለ።

1913 የድብድብ ዓመት ነበር። መጋቢት ላይ ቪየና ውስጥ ሾንበርግ የመራው ኮንሰርት በጥፊ ተቋረጠ። ግንቦት ላይ ፓሪስ ውስጥ የስትራቪንስኪ የባሌ ዳንስ ሥራ «የፀደይ ሥርዓት» ሲቀርብ ጩኸቱ ከመብዛቱ የተነሳ ተወዛዋዦቹ ኦርኬስትራውን መስማት አቃታቸው፤ ውዝዋዜውን የደረሰው ኒጂንስኪ ከመድረክ ጀርባ ወንበር ላይ ቆሞ ምቱን እየጮኸ ይቆጥርላቸው ነበር። የሁለቱ ሰዎች ዕጣ ግን ተለያየ። ስትራቪንስኪን በዓመቱ እዚያው ፓሪስ ያው ሥራ በኮንሰርት ሲቀርብ በትከሻ ተሸክመውት ወጡ። ሾንበርግ በ1918 ለአባላት ብቻ የሆነ ማኅበር አቋቋመ፤ ማጨብጨብም ማፏጨትም ክልክል፣ ሃያሲም አይገባም። ይገባኛል፣ ሰውየው ተማሯል። ግን ሕዝቡ በር ላይ ቀረ፤ ብዙው እስካሁን አልተመለሰም።

ጥርስ የማያፋጭ ዘመናዊ ከፈለግክ ፊሊፕ ግላስን ሞክር። ቀላል ነገር ይደጋግማል፣ ሳታስበው ይለወጥብሃል። በ1976 ኦፔራው ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ላይ ሞልቶ ታየ፣ እሱ ግን ዕዳ ውስጥ ገብቶ ወደ ታክሲ ሹፌርነቱ ተመለሰ። ነጭ ካልሲ ቀርቷል፣ ደሞዙም አብሮ ቀርቷል።

ጥያቄ፦ ጊዜ የለኝም። አንድ ብቻ ምረጥልኝ፣ ከአስር ደቂቃ ያልበለጠ።

መልስ፦ የቤትሆቨን 7ኛ ሲምፎኒ፣ ሁለተኛው ክፍል። ያ ቪየና ላይ የተደገመው ነው። ስልክህን አርቀህ አስቀምጥ። መጀመሪያ የትንፋሽ መሣሪያዎች አንድ ድምፅ ያሰማሉ፤ ከዚያ ዝቅተኞቹ ባለ አውታሮች በዝግታ ይገባሉ። ምቱ ቀላል ነው፦ ረጅም፣ አጭር አጭር፣ ረጅም፣ ረጅም። ዜማ እንኳን የለውም ማለት ይቻላል፣ እርምጃ ነው። ሲደገም ቪዮላና ቼሎ የሚባሉት ባለ አውታሮች በላዩ ላይ ሌላ ዜማ ያነሳሉ፤ አንዱ ሳይቆም ሌላው ይጨመራል፣ እንደገና ይጨመራል፣ እስኪሞላ። መጨረሻው ላይ ያው የመጀመሪያው ድምፅ ይመለሳል፤ ጥያቄ እንደጠየቀ ሰው መልስ ሳያገኝ ያቆማል። ቤትህ ነህና ከፈለግክ እዚያው ላይ አጨብጭብ። ማንም ዞሮ አያይህም።