«የለም» ከማለታችሁ በፊት፦ ለጀማሪ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች

ውድ ልጆቼ፣

ከእናንተ አንዷ በቅርቡ «ተማሪው የሚፈልገውን በስልኩ የሚያገኝ ከሆነ፣ የእኛ የመረጃ ፍለጋ ችሎታ ለሥራችን ምን ይጨምራል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ለዓመታት ሲቆጨኝ የኖረ ጉዳይ ስለቀሰቀሰብኝ ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ።

ባሕር ዳር በሠራሁበት አንድ ቤተ መጻሕፍት፣ ክረምት ሲገባ ከጣና ወጥተው እንደ ጉማራ ባሉ ገባር ወንዞች ሽቅብ እየተጓዙ እንቁላላቸውን ስለሚጥሉ ዓሦች የሚያጠና የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበር። ተረኛው ባልደረባችን ተማሪው የሰጠውን «ላቤዮባርበስ» የሚል ሳይንሳዊ ስም ዳታቤዙ ላይ ጽፎ ፈለገና ጥቂት አዳዲስ ጽሑፎችን ብቻ ስላገኘ «ከዚህ በላይ የለም» ብሎ አሰናበተው። ዓሦቹ ግን ቀደም ሲል «ባርበስ» ይባሉ ስለነበር፣ የኔዘርላንድስ ዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያሳተሟቸው መሠረታዊ ጥናቶች የተጻፉት በዚያ በቀድሞው ስም ነው። ነገሩን የሰማሁት ተማሪው ርእሱን ቀይሮ ከተመረቀ በኋላ ነበር። ባልደረባችን ሰዓት አክባሪና ትሑት ሰው ነበር፤ የሥራ አፈጻጸም ውጤቱም ከፍተኛ ነበር። የምዘና ቅጹ የሚጠይቀው ስንት ተገልጋይ እንደተስተናገደ እንጂ ተገልጋዩ ምን ይዞ እንደወጣ አልነበረምና፣ ያ ተማሪም ከተስተናገዱት መካከል ተቆጠረ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ይህ ያለፈ ታሪክ እንዳይመስላችሁ። ሐይቁን የወረረው እምቦጭ እንኳ ሳይንሳዊ ስሙ ከአይክሆርኒያ ወደ ፖንቴዴሪያ ስለተቀየረ በሁለቱም መፈለግ አለበት። የኢትዮጵያውያን ደራሲያንን ሥራ መፈለግም እንዲሁ ነው፤ እኛ ደራሲን በራሱ ስም ስንመዘግብ የውጭ ዳታቤዞች የአባቱን ስም ያስቀድማሉ። በአማርኛ ካታሎግም «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው።

የዛሬ ወጣት ከመጀመሪያው የውጤት ገጽ አያልፍም ብዬ አምን ነበር። ሆኖም አንድ ጽሑፍ ፍለጋ ቤተ መጻሕፍቱ እስኪዘጋ የሚያመሹ ወጣት ሠራተኞችን ስላየሁ፣ የጎደለው ትዕግሥት ሳይሆን ተገልጋዩን ደግሞ የመጠየቅ ልማድ ሳይሆን አይቀርም። ተማሪው ይዞት የመጣው ቃል የጉዳዩ መነሻ እንጂ ሙሉ ጥያቄው አይደለም። ሌላ ምን ይባላል፣ ድሮ ምን ይባል ነበር፣ መምህርህ በምን ስም ይጠራዋል ብላችሁ ጠይቁት።

ተገልጋይ ጥያቄውን ይዞ በሚመጣበት በሪፈረንስ ጠረጴዛችሁ ላይ አንድ መዝገብ አኑሩ። ያልተገኘውን ጥያቄ፣ የሞከራችኋቸውን ቃላትና የፈለጋችሁባቸውን ዳታቤዞች ጻፉበት፤ የተማሪውንም ስልክ ያዙ። ተረኛ ሲቀየር መዝገቡ ለተተኪው ይሰጥ፣ የቀረውንም እርሱ ይቀጥልበት። አለቆቻችሁ አፈጻጸማችሁን ሲመዝኑም ይህን መዝገብ እንዲያዩላችሁ ጠይቁ።