ከቲያትር መድረክ ወደ ስቱዲዮ ለምትሻገሩ ወጣት ድምፃውያን

ውድ ወጣቶች፣

ሰሞኑን በሙዚቃዊ ቲያትር የምትሠራ አንዲት ወጣት ድምፃዊት የራሷን የሮክ አልበም ለመቅረጽ እየተዘጋጀች መሆኗን ከነገረችኝ በኋላ፣ «ፕሮዲውሰሩ ከድምፅሽ ላይ ቲያትሩን አውጪው ይለኛል፤ ላውጣው ወይ?» ስትል ጠየቀችኝ። አብዛኛውን ዕድሜዬን በድምፅ ቀረጻ ሙያ አሳልፌያለሁና ጥያቄው ከሌሎች ጥያቄዎች የሚለይበት ነገር ሊኖር አይገባም ነበር፤ ሆኖም ለረጅም ዓመታት ሲቆጨኝ የኖረ አንድ ቀረጻ ስላስታወሰኝ፣ መልሱን ለሁላችሁም ልጽፈው ወደድኩ።

ያኔ ገመድ የምዘረጋና ቴፕ የማጠነጥን ረዳት ነበርኩ። በመድረክ ሥራዋ የተከበረች አንዲት ዘፋኝ የራሷን ዘፈኖች በሮክ ባንድ ታጅባ ልትቀርጽ መጣች። በመጀመሪያው ምሽት፣ ገና የማይክሮፎኑን ልክ በማስተካከል ላይ ሳለን፣ ለሙከራ ያህል አንዱን ዘፈን ከመነሻው እስከ መድረሻው ዘፈነችው። ግጥሙ ቤቷን ጥላ ለመሄድ ሻንጣዋን ስለምታዘጋጅ ሴት ነበር። ዘፋኟ በመጀመሪያው ስንኝ ራሷን ለማሳመን የምትሞክር ሴት ሆና ጀመረች፤ አዝማቹ ላይ ስትደርስ ተቆጣች፤ ሁለተኛው አዝማች ላይ ቁጣው በረታ፤ በመጨረሻው ላይ ግን ቃላቱ ሳይለወጡ ቁጣው አልቆ ድካም ብቻ ቀረ። ድራም መቺው ዱላዎቹን ጭኑ ላይ አሳርፎ ዝም ብሎ ሲያያት አስታውሳለሁ። ጊታሪስቱ በበኩሉ፣ ሰውዬው በተፈጥሮው ለማንም ምስጋና የማይቸር ነበር፣ እንደገና እንድትዘፍነው ለመናት።

ፕሮዲውሰሩ ግን «ይህ ሮክ ነው እንጂ ቲያትር አይደለም» አለ። በቀጣዮቹ ቀናት የቃላቱን መጨረሻ እንዳታጠብቅ፣ ድምፅዋን ሳታወጣና ሳታወርድ እንድትዘፍን፣ እያንዳንዱንም ስንኝ ለብቻው እየደጋገመች እንድትቀርጽ አደረገ። ቴፕ ውድ ስለነበረ በመጀመሪያው ምሽት ሙከራ ላይ ሌላ ተቀረጸበት። በተጠናቀቀው ሥራ ውስጥ ከቃናው የወጣ አንድም ድምፅ አልነበረም፤ ሻንጣዋን የምታዘጋጀው ሴትም አልነበረችም። አልበሙን ጥቂት ሰው ሰማው፤ ዘፋኟም ወደ መድረኳ ተመለሰች። የመናገር ሥልጣን ባይኖረኝም፣ ያንን ሙከራ ዳግም የሚሰማው ሰው አለመኖሩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ይህንን ቁጭት መልሶ የቀሰቀሰውም ከዓመታት በኋላ ያገኘሁት፣ የአሜሪካዊቷ ዘፋኝ የኤለን ፎሊ አንድ የተረሳ ሸክላ ነው። የፎሊን ድምፅ ብዙዎቻችሁ ስሟን ሳታውቁ ሰምታችሁታል። እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው በአሜሪካዊው የሮክ ዘፋኝ በሚት ሎፍ «ባት አውት ኦፍ ሄል» አልበም ውስጥ፣ ወንድና ሴት እየተቀባበሉ በሚዘፍኑት ከስምንት ደቂቃ በላይ በሚፈጀው ዝነኛ ዘፈን ላይ ለወንዱ የምትመልስለት ሴት እርሷ ናት። የዘፈኖቹ ደራሲ ጂም ስታይንማን ራሱ ከቲያትር የመጣ ሰው ስለነበረ፣ ያ ዘፈን በሮክ ባንድ የታጀበ አንድ ትዕይንት ነው ማለት ይቻላል። በቪዲዮው ላይ ግን በፎሊ ድምፅ ከንፈሯን የምታንቀሳቅሰው ሌላዋ የመድረክ ዘፋኝ ካርላ ደቪቶ ነበረች። ደቪቶም በ1981 የራሷን አልበም አውጥታለች፤ እርሱም ቢደመጥ የሚያስቆጭ አይደለም።

ፎሊ በ1979 ያወጣችው የመጀመሪያ አልበሟ «ናይት አውት» በእንግሊዛውያኑ የሮክ ሙዚቀኞች በኢያን ሀንተርና በሚክ ሮንሰን ፕሮዲውሰርነት የተሠራ ሲሆን፣ ድምፅዋን በሙሉ ጉልበቱ የሚያሰማ ነው። እኔ የምነግራችሁ ግን በ1981 ስለወጣው ሁለተኛው፣ «ስፒሪት ኦፍ ሴንት ሉዊስ» ስለተባለው ነው። ፕሮዲውሰሩ ዘ ክላሽ የተባለው የእንግሊዝ ፐንክ ሮክ ባንድ ጊታሪስት ሚክ ጆንስ ነበር፤ የባንዱ አባላት በሙሉ ተጫውተውበታል፤ ከዘፈኖቹ ግማሽ ያህሉ የጆንስና የባንድ ጓደኛው የጆ ስትራመር ድርሰቶች ናቸው። ሰፊ ገበያ አላገኘም። የሮክ አድማጩ የዘ ክላሽን ቁጣ ሲፈልግ አጣው፤ የፎሊን ኃይል የወደደውም ያንን ጩኸት ሲጠብቅ ቀረበት፤ ምክንያቱም በዚህ አልበም ድምፅዋ ቀጠን ያለና የተቆጠበ ነው።

እኔም በመጀመሪያ ስሰማው ባንዱ የዋጣት መስሎኝ ነበር። ደጋግሜ ሳደምጠው ግን እያንዳንዱን ዘፈን የምትናገረው ሴት የተለያየች መሆኗን አስተዋልኩ። ፈረንሳዊቷ ዘፋኝ ኤዲት ፒያፍ የተጫወተችውን የወታደሩን ዘፈን በእንግሊዝኛ ስትዘፍነው የምሰማት ሴት፣ ከሚክ ጆንስ ጋር እየተቀባበለች የምትዘፍነዋ አይደለችም። ጉልበቱን ቀንሳዋለች፤ ትወናውን ግን ይዛዋለች። የኔዋ ዘፋኝ እንድትተው የተደረገችው ይህንኑ ነው።

ስለ ልምምድና ስለ ጉሮሮ ጥንቃቄ አልነግራችሁም፤ ከመድረክ የመጣችሁ ስለሆናችሁ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። የቃላት ጥራታችሁን ግን ማንም እንዳያስተዋችሁ። በሮክ ቅንብር ውስጥ የኤሌክትሪክ ጊታርና የሰው ድምፅ በአብዛኛው የሚሻሙት ከ1,000 እስከ 4,000 ኸርዝ (በሰከንድ የሚቆጠር የድምፅ ንዝረት) ባለው ክልል ነው፤ በዚያ ግርግር መካከል ግጥሙን ለአድማጭ የሚያደርሱት ጥርት ብለው የወጡ ተነባቢዎች ናቸው። የመጨረሻ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ተመልካች የተማራችሁት ነገር እዚህም ያገለግላችኋል። በሌላ በኩል ማይክሮፎኑ ከአፋችሁ ጥቂት ጣት ብቻ ይርቃልና ለዚያ ተመልካች የምታወጡትን ጉልበት መቀነስ አለባችሁ። አንዱን ያዙ ሌላውን ልቀቁ ማለቴ እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል፤ ቢሆንም ሁለቱንም አምንበታለሁ።

የዘመኑ ወጣቶች አንድ ዘፈን ግማሽ ደቂቃ አዳምጣችሁ ማለፋችሁና ስንኙን ሁሉ በኮምፒውተር እየቆራረጣችሁ ማረማችሁ ያሳስበኛል። በዚያ መንገድ የተሠራ ዘፈን ውስጥ ቁጣ ወደ ድካም የሚለወጥበት ጊዜ አይኖርም። ፎሊ ከሁለተኛው አልበሟ በኋላም መድረኳን አልተወችም፤ በ1986 «ኢንቱ ዘ ዉድስ» የተባለው ሙዚቃዊ ቲያትር አሜሪካ፣ ሳንዲያጎ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ጠንቋይዋን የተጫወተችው እርሷ ነበረች። በ2013 እና በ2021ም አዳዲስ አልበሞችን አውጥታለች።

ለጠየቅሽኝ ልጄ፦ ለእያንዳንዱ ዘፈን የምትናገረው ማን እንደሆነች፣ ለማን እንደምትናገርና በመጨረሻ ምን እንደሚለወጥባት በወረቀት ጽፈሽ፣ ቃናው ከመወሰኑ በፊት ለአቀናባሪው ስጪው። ከዚያም የመጀመሪያውን ቀረጻ ሳትቆርጪ ከዳር እስከ ዳር ዝፈኚው፤ ፕሮዲውሰሩ ምንም ቢል ቅጂውን አስቀምጪ።