የተጎታች ቤት የፍሬን ሽቦ፦ ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር የደረሱን ጥያቄዎች ሁሉ በ12 ቮልት ኤሌክትሪክ ፍሬን ስለሚቆም ተጎታች ቤትና በሰሜን አሜሪካ ስለተለመደው ባለ 7 እግር ሶኬት ናቸው። የአውሮፓው ባለ 13 እግር ሶኬት ቀለሞቹ የተለዩ ስለሆኑ ከታች ያሉት ቀለሞች ለእሱ አይሠሩም።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ባለ 4 ሽቦ የተጎታች መብራት ማገናኛ አላት። ፍሬን ላለው ተጎታች ቤት ምን ልጨምር?

መልስ፦ አሁን ያሉዎት ነጭ ግራውንድ፣ ቡናማ የጭራ መብራት፣ ቢጫ የግራ ፍሬቻና አረንጓዴ የቀኝ ፍሬቻ ናቸው። ባለ 7ቱ ላይ ሰማያዊ የፍሬን መስመርና ጥቁር የባትሪ መስመር ይጨመራሉ፤ መሃለኛው እግር አብዛኛውን ጊዜ የኋላ ማርሽ መብራት ነው። ሰማያዊው የሚነሳው ዳሽቦርድ ሥር ከሚታሰረው የፍሬን መቆጣጠሪያ ነው።

መቆጣጠሪያው ራሱ አራት ሽቦ አለው። ጥቁሩ ከባትሪው ፖዘቲቭ ይመጣል፤ ባትሪው አጠገብ ራሱን የሚመልስ ሰርኪት ብሬከር ይግባለት፤ ለሁለት ፍሬን 20 አምፔር፣ ለአራት ፍሬን 30 አምፔር። ነጩ በቀጥታ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ይሂድ። ሰማያዊው ወደ ኋላ ሶኬት ይወጣል። ቀዩ ደግሞ ከፍሬን ፔዳሉ ስዊች ጋር ይገናኛል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ቀዩ መያያዝ ያለበት ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ ኃይል ከሚያገኘው ጎን ነው። ሁልጊዜ ኃይል ካለበት ጎን ከታሰረ መቆጣጠሪያው ፔዳሉ እንደተረገጠ ይቆጥረውና የተጎታቹን ፍሬን ይዞ ይቀራል፤ በየጎማው ፍሬኑን የሚያሲዘው ማግኔትም የፍሬን ሸራውም ይቃጠላል። በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ስዊቹ ለኮምፒውተር ምልክት ብቻ ስለሚልክ ሽቦውን ከመቁረጥ ለመኪናው ሞዴል የተሠራ ማገናኛ ይግዙ።

ለጥቁሩ፣ ለነጩና ለሰማያዊው 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይጠቀሙ፤ የድሮውን ቀጭን ነጭ ሽቦ ለፍሬን አይመኑት። ለመብራቶቹ 1.5 ይበቃል።

ጥያቄ፦ መብራቱ ሁሉ ይሠራል፣ ፍሬኑ ግን ደካማ ነው። መቆጣጠሪያውን ልቀይር?

መልስ፦ ሳይለኩ አይቀይሩ። መብራት ጥቂት አምፔር ስለሚበቃው በቀጭን ሽቦም በዛገ መጋጠሚያም ይበራል፤ ፍሬን ግን እንዲህ አይደለም። የ10 እና የ12 ኢንች ፍሬን ማግኔት 3.2 ኦም አካባቢ ስለሆነ በ12 ቮልት አንዱ 3.75 አምፔር ይወስዳል፤ ሁለቱ 7.5፣ አራቱ 15። ዲሲ የሚለካ ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን ሳይቆርጡ አቅፎ አምፔር የሚያነብ መሣሪያ) ሰማያዊው ሽቦ ላይ ያድርጉ፣ የመቆጣጠሪያውን የእጅ ማንሻ እስከ ጥግ ይግፉና ያንብቡ።

አራት ፍሬን ላይ 11 አካባቢ ካነበበ የአንዱ ማግኔት ሽቦ ተቋርጧል። ንባቡ ከሚጠበቀው እጅግ ከበለጠ አንድ ቦታ ሾርት አለ፤ በአክሱሉ ቱቦ ውስጥ የሚያልፈው ሽቦ ከብረቱ ጋር ሲፋተግ ልባሱ ያልቃልና መጀመሪያ እሱን ይመልከቱ። በጥቅሉ ዝቅ ካለ ደግሞ ጥፋቱ የሽቦው ውፍረት ወይም መጋጠሚያው ነው። ሒሳቡ ይህን ይመስላል፦ ከባትሪው እስከ ማግኔቶቹ 10 ሜትር ቢሆን ኃይሉ ሄዶ ስለሚመለስ 20 ሜትር መዳብ ነው። በ2.5 ካሬ ሽቦ ይህ 0.14 ኦም ገደማ ይሆናል፤ በ15 አምፔር 2 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። በ6 ካሬ ግን ከ1 ቮልት በታች ነው። ማግኔቱ የሚስበው በሚያገኘው አምፔር ልክ ስለሆነ የጠፋው ቮልት የጠፋ የማቆም ኃይል ነው።

አምፔሩ ትክክል ሆኖ ፍሬኑ ከደከመ ግን ሽቦውን ይተውት። ሸራው ሳይስተካከል ቆይቷል፣ ቅባት ነክቶታል ወይም ማግኔቱ አልቋል።

ጥያቄ፦ የግራ ፍሬቻ ስሰጥ የተጎታቹ መብራቶች ሁሉ አብረው ብልጭ ይላሉ።

መልስ፦ ግራውንድ ነው። ኃይሉ በነጩ መመለስ ሲያቅተው በሌሎቹ አምፖሎች በኩል መንገድ ይፈልጋል። የመጎተቻው ኳስ ቅባትና ዝገት ስላለበት በግራውንድነት አይታመንም። ነጩ የታሰረበትን ቻሲስ ቀለሙን እስከ ንጹሕ ብረት ይፋቁት፣ ጥርስ ባለው ሮንዴላ ያጥብቁት፣ ቅባት ይቀቡት። ከዚያ መብራቶቹን አብርተው በተጎታቹ ቻሲስና በመኪናው ባትሪ ኔጌቲቭ መካከል ይለኩ፤ ከ0.5 ቮልት ከበለጠ ገና አልተስተካከለም።

ጥያቄ፦ የመኪናዬ ፍሬቻ ብርቱካናማ፣ ከፍሬን መብራቱ የተለየ ነው። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፤ ተጎታቹ ሁለቱን በአንድ ሽቦ ነው የሚቀበለው። ሁለቱን ምልክቶች ከመኪናው ወስዶ በአንድ ሽቦ የሚያዋህድ፣ ኃይሉንም በራሱ ፊውዝ ከባትሪው የሚያገኝ ኮንቨርተር ያስገቡ።

ጥያቄ፦ አንድ ሌሊት ቆመን ስናድር የመኪናው ባትሪ ያልቃል።

መልስ፦ ወደ ኋላ ሶኬት የሚሄደው ጥቁሩ የባትሪ መስመር ሞተር ሲጠፋም አልተቋረጠም ማለት ነው። ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚያገናኝ 30 ወይም 40 አምፔር ሪሌ ያስገቡበት።

ጥያቄ፦ ተጎታቹ ከመኪናው ቢላቀቅ ፍሬኑ ራሱ እንደሚይዝ እንዴት ላረጋግጥ?

መልስ፦ ይህን ፍተሻ ከጉዞ በፊት አይዝለሉት፤ የሰው ሕይወት ያለው እዚህ ላይ ነው። ተጎታቹ ላይ ስዊች አለ፤ ተጎታቹ ሲላቀቅ ከመኪናው የታሰረ የብረት ገመድ ፒኑን ከስዊቹ ይስብና የተጎታቹ ባትሪ ፍሬኑን ያሲዘዋል። በመጀመሪያ ስፒናውን ከመኪናው ይንቀሉ፤ ሳይነቀል ፒኑ ከተሳበ ኃይሉ ወደ መቆጣጠሪያው ተመልሶ ሊያበላሸው ይችላል። ከዚያ ፒኑን ይሳቡና ተጎታቹን በመኪናው በቀስታ ወደፊት ይጎትቱ፤ ጎማዎቹ ይዘው መቃወም አለባቸው። ካልያዙ የተጎታቹን ባትሪ፣ ፊውዙንና ስዊቹን በተራ ይፈትሹ። ሲጨርሱ ፒኑን ወዲያው ይመልሱ፤ ከተረሳ ባትሪው ያልቃል፣ ማግኔቶቹም ይግላሉ። የፒኑን የብረት ገመድ ከመኪናው ቻሲስ ጋር ይሰሩት እንጂ ከኳሱም ከደኅንነት ሰንሰለቱም ጋር አያያይዙት፤ ኳሱ አብሮ ቢወጣ ፒኑን የሚስበው ነገር አይኖርም።

ጥያቄ፦ የመቆጣጠሪያውን ኃይል ስንት ላይ ላድርገው?

መልስ፦ ቁጥሩ በክብደት ይለያያል። ተጎታቹን እንደሚጓዙበት ጭነው፣ ደረቅና ባዶ መንገድ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየነዱ የእጅ ማንሻውን ብቻ ይግፉ። ጎማዎቹ ከተቆለፉ ይቀንሱ፤ ካልያዙ ይጨምሩ። ሊቆለፉ ሲሉ ያለው ልክ የእርስዎ ነው። ጭነቱ ሲቀየር ወይም መንገዱ ሲረጥብ እንደገና ይሞክሩት።